ከመድረክ በስተጀርባ፦ ዲክ ዋተርማንና የብሉዝ አዛውንቶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ ኦክስፎርድ በተባለችው ከተማ ዲክ ዋተርማን የተባለ ሰው በ88 ዓመቱ ዐረፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋተርማን ዘፋኝ አልነበረም፤ የሸክላ ኩባንያም አልነበረውም። ይሁንና ብሉዝ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ካቆሙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በመጨረሻ ዘመናቸው የሥራቸውን ዋጋ እንዲያገኙ፣ ሲታመሙ የሚያሳክማቸው፣ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወሩም የሚቀበላቸው ሰው እንዳያጡ ካደረጉት ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ስሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ጠፍቶ የነበረውን ሰን ሃውስን ፈልገው ካገኙት ሦስት ወጣቶች አንዱ ነው በማለት ነው። ፍለጋው የፈጀው ግን ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው የውል፣ የሒሳብ፣ የጉዞና የደጅ ጥናት ሥራ ብዙ ዓመታት የወሰደ ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ሊነገርለት የሚገባው ይኸው ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት ወደ 1920ዎቹና 1930ዎቹ መመለስ ያስፈልጋል። ከሜምፊስ ከተማ በስተደቡብ የሚሲሲፒን ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋው፣ ዴልታ ተብሎ የሚጠራው ለጥ ያለ ሜዳ የጥጥ አገር ነበር። መሬቱ የነጭ ባለርስቶች፣ ጉልበቱ የጥቁር ጢሰኞች ነበር። ጢሰኛው የእኩል እያረሰ፣ ዘሩንም በቅሎውንም የዓመት ቀለቡንም ከባለርስቱ በዱቤ እየወሰደ ይከርምና ጥጡ ተለቅሞ ሲሸጥ መዝገቡ ይከፈታል። መዝገቡን የሚይዘው ባለርስቱ ስለ ነበረ፣ ጢሰኛው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ብዙ ጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። ይህ የመዝገብ ነገር በኋላም የሚመለስ ስለሆነ አንባቢ ልብ ይበለው። ብሉዝ ያደገው በዚህ ሕዝብ መካከል ነው። ቅዳሜ ማታ በየመሸታ ቤቱ አንድ ሰው ጊታሩን ይዞ ይቀመጣል፤ ሕዝቡም እስኪነጋ ይጨፍራል። ዘፋኙ ሰኞ ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ጥጡ ማሳ ይመለሳል።

የሸክላ ኩባንያዎች ይህን ዘፈን መቅረጽ የጀመሩት ለጥበቡ ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ አልነበረም። ፓራማውንት የተባለው የሸክላ ምልክት ባለቤት በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት የሚገኝ የወንበር ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው የግራሞፎን ሣጥን ይሠራ ስለ ነበር፣ ሣጥኑን የሚገዛ ሰው የሚያጫውተው ሸክላ ያስፈልገዋል በሚል ስሌት ሸክላ ወደ ማተሙ ገባ። ሰን ሃውስ በ1930፣ ስኪፕ ጄምስ ደግሞ በ1931 ከሚሲሲፒ ተጉዘው የዘፈኑት ግራፍተን በምትባለው የዊስኮንሲን ከተማ በሚገኘው የዚሁ ኩባንያ መቅረጫ ክፍል ነው። ሸክላዎቹ የወጡት ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን በመታበት ወቅት በመሆኑ የተሸጠው ቅጂ እጅግ ጥቂት ነበር። ፓራማውንት በ1932 መቅረጹን አቆመ፤ ዘፋኞቹም ወደየመንደራቸው ተመለሱ። ዛሬ በዓለም የሙዚቃ ቅርስ ከሚባሉት ከእነዚህ ሸክላዎች መካከል በጣት የሚቆጠር ቅጂ ብቻ የቀረላቸው አሉ።

ሰን ሃውስን በ1941ና በ1942 አለን ሎማክስ የተባለው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ በዴልታ አግኝቶ ለአሜሪካ የምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ቀርጾታል። በ1943 ግን ሃውስ እንደ ብዙ የደቡብ ጥቁሮች ሁሉ ወደ ሰሜን ተሰደደ፤ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ተቀምጦ በባቡር ኩባንያ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በሙዚቃው ዓለም ወሬው ጠፋ።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ሰሜናዊ ከተሞች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ የጥንት የሕዝብ ዘፈን ፍቅር ያደረባቸው ወጣቶች በዙ። አብዛኞቹ ነጮችና የተማሩ ሲሆኑ፣ የተጫረ አሮጌ ሸክላ እየሰበሰቡ በየቡና ቤቱ ያጠኑት ነበር። ዘፋኞቹ ሁሉ የሞቱ ይመስላቸው ነበር። በ1963 ግን አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 በቀረጸው ዘፈን ውስጥ የጠቀሳትን አቫሎን የተባለች መንደር በካርታ ላይ ፈልጎ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ኸርት እዚያው በግብርና ሥራ ላይ ተገኘ። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሕዝብ ዘፈን ፌስቲቫል ላይ ቀርቦ በሺህ የሚቆጠር ወጣት አደነቀው።

ዲክ ዋተርማን ያን ጊዜ 28 ዓመቱ ነበር። በ1935 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ፕሊመዝ በተባለች ከተማ ኑሮው ከተሟላ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ክፉኛ ይንተባተብ ስለ ነበረ ሐሳቡን በጽሑፍ መግለጽን መረጠ፤ በቦስተን ዩኒቨርሲቲም ጋዜጠኝነት ተማረ። በቦስተንና በካምብሪጅ ስለሚካሄዱት የዘፈን ምሽቶች ይጽፍ፣ ካሜራውንም ከትከሻው አይለይም ነበር። በሙዚቃ ንግድ ውስጥ ግን ምንም ልምድ አልነበረውም።

በ1964 በጋ መግቢያ ላይ ሰን ሃውስ ሜምፊስ አካባቢ ታይቷል የሚል ወሬ ደረሰው። ኒክ ፐርልስና ፊል ስፓይሮ ከተባሉ ሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በፐርልስ ቮልስዋገን ወደ ደቡብ ተጓዘ። ወቅቱ ለዚህ ዓይነት ጉዞ የሚመች አልነበረም። በዚያው ሰሞን ጥቁሮችን ለምርጫ ለማስመዝገብ በርካታ የሰሜን ወጣቶች ወደ ሚሲሲፒ መውረድ ጀምረው ነበር፤ ዘርን ከዘር ለይቶ በሚገዛው ሥርዓት ያደሩ ነጮችም እነዚህን እንግዶች በጥርጣሬና በጥላቻ ይጠብቋቸው ነበር። የኒው ዮርክ ታርጋ በለጠፈች ትንሽ መኪና ተሳፍረው በየጥጥ እርሻው የጥቁር ሽማግሌ ስም የሚጠይቁ ሦስት ነጭ ወጣቶች ደግሞ ዘፈን ፈላጊዎች ነን ቢሉ ማንም የሚያምናቸው አልነበረም።

መንገድ የመራቸው ሮበርት ዊልኪንስ ነው። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ብሉዝ ዘፋኝ የነበረ፣ በኋላ ቄስ ሆኖ በሜምፊስ የተቀመጠ ሰው ነበር። ከዊልኪንስ ጋር ሆነው በሌክ ኮርሞራንትና በሮቢንሰንቪል መንደሮች እየዞሩ ጠየቁ። አንዱ ወደ ሌላው እየላካቸው፣ የቀድሞ ወዳጅና የጋብቻ ዘመድ ክር እየመዘዙ ሄደው፣ በመጨረሻ ሃውስ ሚሲሲፒ ውስጥ እንደሌለና ሮቸስተር እንደሚገኝ ተረዱ። ጁን 21 ቀን በስልክ አገኙት።

በዚሁ ቀን ማታ፣ በዚያው ክፍለ ግዛት ኔሾባ በተባለው አውራጃ ጄምስ ቼኒ፣ አንድሩ ጉድማንና ማይክል ሽዌርነር የተባሉ ሦስት የመብት ታጋዮች ጠፉ። ሬሳቸው የተገኘው በኦገስት ወር፣ አዲስ ከተሠራ የአፈር ግድብ ሥር ተቀብሮ ነው። እነ ዋተርማን ከሜምፊስ እስከ ሮቸስተር 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው ጁን 23 ቀን ከሃውስ ደጃፍ ደረሱ። የሚገርመው ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌሎች ሦስት ወጣቶች ስኪፕ ጄምስን ቱኒካ በሚገኝ ሆስፒታል ታሞ ተኝቶ አገኙት። ቱኒካ ያለችው እነ ዋተርማን ሲያስሱት በከረሙት በዚያው አካባቢ ነው።

ሃውስ 62 ዓመቱ ነበር። ጊታር በቤቱ አልነበረውም። የጨዋታ ጓደኛው ዊሊ ብራውን ከሞተ ወዲህ መጫወቱን እርግፍ አድርጎ ትቶት ነበር። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መጠጥም ክፉኛ ለምዷል። ወጣቶቹ በሸክላ ያወቁት የ1930ው ሰን ሃውስ ከፊታቸው እንደሌለ ወዲያው ተረዱ። መላ የተገኘው ከካምብሪጅ ነው። ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው አለን ዊልሰን የተባለ ጊታር ተጫዋች የሃውስን የጥንት ሸክላዎች አንድ በአንድ አጥንቶ ስለ ነበር ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ፣ አንተ በ1930 እንዲህ አድርገህ ትጫወት ነበር፣ በ1942 ደግሞ እንዲህ እያለ የራሱን ዘፈን ለራሱ አስታወሰው። ጣቱ ላይ ያጠለቀውን የብረት ቱቦ በጊታሩ ክር ላይ ማንሸራተት ዳግመኛ ሲጀምር፣ ድምፁ ግን ማንም ሳያስተምረው ከነግርማው ተመለሰ። በኤፕሪል 1965 የታዋቂው የሙዚቃ ሰው ጆን ሃመንድ ባለበት ለኮሎምቢያ ኩባንያ ቀረጸ፤ በዚያው ዓመትም በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ዘፈነ።

አብዛኛው ተረክ እዚህ ላይ ያበቃል። ግድብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ለጥገና ሪባን የቆረጠ ሰው ግን የለም። የጠፋ ሽማግሌ ሲገኝ ጋዜጣ ይጽፋል። ማግስቱን ሽማግሌው በየትኛው አውቶቡስ እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድር፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስውጠው፣ ዘፍኖ ሲጨርስ ገንዘቡን ከቡና ቤቱ ባለቤት ማን እንደሚቀበልለት ግን የሚጠይቅ አይኖርም። ዋተርማን ይህን ሥራ ለመያዝ ያሰበበት አይመስልም፤ ሌላ የሚይዘው ሰው ስላልነበረ በእጁ ቀረ።

ሃውስን ለማስተዳደር የጀመረው ሥራ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ። ያቋቋመውን የወኪልነት ድርጅት በጆን ኸርት መንደር ስም አቫሎን ፕሮዳክሽንስ ብሎ ሰየመው። ብሉዝ ተጫዋቾችን ብቻ ለመወከል ተብሎ ከተቋቋሙት ድርጅቶች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሃውስ፣ ጄምስ፣ ኸርት፣ ፍሬድ ማክዳወል፣ ሮበርት ፒት ዊሊያምስ፣ አርተር ክሩዳፕና ሌሎችም በሥሩ ተሰበሰቡ። የመሰብሰባቸው ጥቅም በንግድ ዐይን ሲታይ ግልጽ ነው። አዛውንቶቹ ለየብቻቸው በነበሩ ጊዜ፣ አዘጋጁ አንዱን በሌላው እያስፈራራ ዋጋ ማስቀነስ ይችላል፤ ይህን ያህል አልከፍልም፣ እገሌ ከዚህ ባነሰ ይመጣልኛል ማለት ይበቃዋል። ሁሉም በአንድ ወኪል ሥር ሲሆኑ ግን እገሌም ያው ዋተርማን ዘንድ ነው። የሠራተኛ ማኅበር የማያውቃቸው፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ የቀድሞ ጢሰኞች በዚህ መንገድ ለዋጋቸው ወለል አገኙ።

የዕለት ሥራው ግን ከዋጋ ድርድር ይልቅ እንደ ልጅ መጦር ነበር ቢባል ይቀላል። ሃውስን በየከተማው ይዞት ይዞራል፤ ከመድረክ በፊት የሚጠጣውን ይለካለታል። መጠኑ ካነሰ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከበዛ ደግሞ ዘፈኑ ይቀርና ስብከት ይሆናል፤ ሃውስ በወጣትነቱ ሰባኪ ነበርና። ኸርት ገር፣ ሁሉን የሚወድ ሰው ነበር። ጄምስ በአንጻሩ ኩሩና ሰው የማይቀርበው፣ ጥበቡን ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ የሚገምት ነበር። እነዚህን ሰዎች በአንድ ልክ ሰፍቶ ማስተዳደር አይቻልም።

ጊዜውም አጭር ነበር። ኸርት በ1966 ሞተ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሪም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ከጄምስ የ1931 ዘፈኖች አንዱን ቀርጾ አወጣ፤ ከደራሲነት ድርሻው የተገኘው ገንዘብ ለሕክምናው ረዳው። ጄምስ በ1969 በፊላደልፊያ በካንሰር ሞተ። ጄምስ በ1964 ከኒውፖርት መድረክ በወረደ ጊዜ ዘፈኑን ወንበር ፋብሪካው ከቀረጸው 33 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሙዚቃው ረብ ያለው ገንዘብ ያመጣለት ግን ከሞቱ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ በፊት ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው የአርተር ክሩዳፕ ታሪክ ነው። ክሩዳፕ በሚሲሲፒ የተወለደ፣ በ1940ዎቹ በቺካጎ ብዙ ሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነበር። በ1946 ከቀረጻቸው ዘፈኖች አንዱን፣ «ዛትስ ኦል ራይት» የተባለውን፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ የተባለ የ19 ዓመት የሜምፊስ ወጣት በጁላይ 1954 ዘፈነው። ይህ የፕሪስሊ የመጀመሪያ ሸክላ ነው። ፕሪስሊ ከዚያ በኋላም ሁለት የክሩዳፕ ዘፈኖች ቀርጿል። ሸክላዎቹ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ ሲዳረሱ፣ ደራሲው በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት ከእርሻ ላይ የቀን ሠራተኞች ጋር እየዋለ ልጆቹን ያሳድግ ነበር። የድርሰቱ መብት በአሳታሚዎች እጅ ስለ ወደቀ ክሩዳፕ በገዛ ድግሱ የበይ ተመልካች ሆኖ ቀረ። የዴልታው መዝገብ ስሙን ለውጦ ኒው ዮርክ ገባ ማለት ነው።

ዋተርማን ክሩዳፕን መወከል ከጀመረ በኋላ ጉዳዩን ለአሜሪካ የዘፈን ደራስያንና ቀማሪዎች የሙያ ማኅበር አቀረበው። ማኅበሩ የአባላቱን መብት ለማስከበር የቆመ ነበርና ነገሩን በጽኑ ያዘው። ረዥም ድርድር ከተደረገ በኋላ መብቱን የያዘው ሂል ኤንድ ሬንጅ የተባለው አሳታሚ ድርጅት ለክሩዳፕ 60,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሩዳፕ ከልጆቹ ጋር ከቨርጂኒያ ኒው ዮርክ ድረስ መጣ፤ በድርጅቱ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦም ፈረመ። ቀሪው የድርጅቱ ፊርማ ብቻ ነበር። ወረቀቱ ለፊርማ ገብቶ ሳይፈረም ተመለሰ። ምክንያቱ በፍርድ ቤት ብንሸነፍ እንኳ ከዚህ የበለጠ አንከፍልም የሚል ነበር። እንደ ስሌት ስሕተት የለበትም፤ አንድ ድኻ ሽማግሌ የብዙ ዓመት ክስ ወጪ ሊሸከም እንደማይችል አውቀዋል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል ይኸ ነው። ክሩዳፕ ባዶ እጁን ወደ ቨርጂኒያ ተመለሰ፤ በማርች 1974 ሞተ።

ሌላ ወኪል ቢሆን ደንበኛው ሲሞት መዝገቡን ይዘጋ ነበር። ዋተርማን ግን ፋይሉን አልጣለም። ብዙም ሳይቆይ ሂል ኤንድ ሬንጅ ቻፕል ለተባለው ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ። በግንባታም በንግድም ሥራ ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ርክክብ በሚደረግበት ሰዓት ያልተዘጋ የይገባኛል ጥያቄ የያዘ ሰው ጉልበቱ ከወትሮው እጥፍ ነው፤ ገዢው ከነነገሩ መረከብ አይፈልግምና። ዋተርማን የክሩዳፕን ወራሾች ጥያቄ በዚህ ሰዓት አቀረበ። በዚህ ጊዜ ተሳካ። ለልጆቹ የደረሰው የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ከ200,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ድርሻቸው ቀጠለ።

ዋተርማን የሽማግሌዎቹ ወኪል ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዲ ጋይ ዛሬ በዓለም የታወቀ ጊታር ተጫዋች ነው፤ በ1960ዎቹ ግን ቀን በቺካጎ መኪና ጎታች ክፍል መካኒክ ሆኖ ይሠራ፣ ማታ ይጫወት ነበር። ሥራውን ለቅቆ በሙዚቃው እንዲኖር የገፋፋው ዋተርማን ነው። በ1970 ጋይና ጁኒየር ዌልስ ከሮሊንግ ስቶንስ ጋር አውሮፓን ዞሩ። ቦኒ ሬይት ደግሞ ከዋተርማን ጋር በተዋወቀች ጊዜ በካምብሪጅ የራድክሊፍ ኮሌጅ ተማሪ ነበረች፤ በእሱ በኩል ከሃውስና ከማክዳወል እግር ሥር ተቀምጣ ተማረች። ስሟ ሲገን አዛውንቶቹን በራሷ መድረክ ላይ ይዛቸው ወጣች። በ1988 ሪዝም ኤንድ ብሉዝ ፋውንዴሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ እሷ ነበረች፤ ድርጅቱም ያልተከፈላቸውን የድሮ ዘፋኞች ጉዳይ ይዞ ተነሣ። በክሩዳፕ ላይ የታየው ዓይነት በደል እዚያ ሥራዬ ተብሎ ተያዘ።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማለፍም አይገባም። ጥቁሮቹ አዛውንቶች በመጨረሻ ዘመናቸው የዘፈኑት በአብዛኛው ለነጭ ተማሪዎች ነው፤ የዘመኑ ጥቁር ወጣት ሌላ ሙዚቃ ይዞ ነበር። ውላቸውን የያዘው፣ ገንዘባቸውን የሚቀበለውም እንደገና ነጭ ሰው ሆነ። ለአንድ የዴልታ ጢሰኛ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጥርጣሬም ቢያድርበት የሚፈረድበት አይሆንም። መልሱ የሚገኘው ከዋተርማን መልካም ሐሳብ ላይ ሳይሆን ከውጤቱ ላይ ነው። የድሮው መዝገብ ያዥ የሞተን ጢሰኛ ሒሳብ የሚያነሣው ዕዳውን ከልጆቹ ለመቀበል ነበር፤ ዋተርማን የክሩዳፕን ያነሣው ለልጆቹ ለማስከፈል ነው። ቢሆንም ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ያገኙት በወጣትነታቸው ሊያገኙት ከሚገባው ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ይህን ጉድለት አንድ ወኪል ሊሞላው አይችልም።

በ1980ዎቹ ዋተርማን ወደ ኦክስፎርድ ተዛወረ። በየጉዞው ያነሣቸው ፎቶግራፎች ለረዥም ጊዜ ሳይታዩ ከቆዩ በኋላ በ2003 በመጽሐፍ ታተሙ፤ ሬይት መቅድም ጻፈችለት። ሥዕሎቹ የእንግዳ ሥዕሎች አይደሉም። ሽማግሌዎቹ ካሜራውን ረስተው፣ ከመድረክ ኋላ ተቀምጠው ሲያስቡ፣ ሲያጨሱ፣ እርስ በርስ ሲያወጉ ይታያሉ፤ ፎቶ አንሺው ያው ሻንጣቸውን የሚሸከመው ሰው ነበርና። በ2000 ከብሉዝ የክብር መዝገብ ገባ። ሕይወቱን የሚተርክ መጽሐፍም በ2019 ወጣ።

ሰን ሃውስ በ1970ዎቹ አጋማሽ መድረክ ትቶ ወደ ዲትሮይት ሄደ፤ በ1988 በ86 ዓመቱ ሞተ። ዋተርማን ዘንድ ከቀሩት ዕቃዎች መካከል በኖቬምበር 1964 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ዋባሽ ኮሌጅ ውስጥ የተቀዳ የሃውስ ቴፕ ነበር። ሽማግሌው ከተገኘ አምስት ወር ገና መሙላቱ ነበር፤ በኮሎምቢያ ስቱዲዮ ከመቀረጹም በፊት ነው። ቴፑ በ2022 ተጠርጎ በሸክላ ታተመ። ዋተርማን ያን ጊዜ 86 ዓመቱ ነበር።